የዛገ ምላጭ ሞቷል አትበል

አንባቢ ሆይ፤ በአሮጌ ሳጥን ግርጌ ወይም በአሮጌ ዕቃ ሻጭ መደብ ላይ፥ ከዛጉ ቁልፎችና ከቆሙ ሰዓቶች መካከል፥ አንድ የሚታጠፍ ምላጭ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ? እጀታው የደበዘዘ ቀንድ ነው፤ ስትከፍተው ሲጢጥ ይላል፤ ብረቱም ቡናማ ዝገት ለብሷል። ብዙ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። አንዱ «ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መሳያ ላይ ያስጠጋና በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ መስተዋት ያበራዋል። ሦስተኛው ደግሞ ዝገቱን ጠረግ ጠረግ አድርጎ በዚያው ቀን ጉንጩ ላይ ያሳርፈዋል። የመጀመሪያው ሰው ሊድን የሚችል ዕቃ ጣለ፤ ሁለተኛው በገዛ እጁ ገደለው፤ ሦስተኛው ጤንነቱን በከንቱ ለአደጋ ሰጠ።

አራተኛ መንገድም አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እርሱን ማሳየት ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ ምላጭ በትዕግሥት ከታደሰ ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ጺም ይላጫል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከምላጩ ላይ ምን መነሣት እንዳለበትና ምን መነካት እንደሌለበት ለይቶ ማወቅ ነው። ከብረት ላይ አንድ ጊዜ የተፋቀ ነገር ዳግመኛ አይመለስምና። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምላጩ የተወለደበት አገር

ዛሬ በጠጉር አስተካካይ ቤት የምናየው የሚታጠፍ ምላጭ መልኩ ከጥንቱ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። በዛሬው ላይ ግማሽ ምላጭ ይሰካበታል፤ ደንበኛው ሲነሣ ያ ግማሽ ምላጭ ወጥቶ መጣል አለበት። የጥንቱ ግን ስለቱም አካሉም አንድ ብረት ነው። ሲደነዝ ይሳላል እንጂ አይለወጥም።

የዚህ ዓይነቱ ምላጭ ዝናው ይበልጡን የወጣው በሁለት ከተሞች ነው፤ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ፥ በጀርመን አገር በዞሊንገን። ሼፊልድን ካስከበሯት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ነው። ይህ ሰው ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ ዓረብ ብረት አጥቶ ሲቸገር፥ በ1740ዎቹ ዓመታት ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጨርሶ እንደ ውሃ እስኪፈስ ድረስ የማቅለጥን ዘዴ አገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ዓረብ ብረት አንዱ ቦታው ጠንካራ፥ ሌላው ቦታው ልስልስ ነበር፤ የቀለጠው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ። እጅግ የሳሳ ስለት ሊሸከም የሚችለው እንዲህ ያለው ብረት ነው። የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች በመጀመሪያ «ጠጠረብን» ብለው እንዳልተቀበሉትና፥ ፈረንሳዮች ብረቱን ገዝተው ከሠሩበት በኋላ እንደ ነቁ ይተረካል።

ይሁን እንጂ ይህ ዝና ዋጋ ተከፍሎበታል። ምላጩንና ቢላዋውን የሚሞርዱት ሠራተኞች በትልልቅ የሚሽከረከሩ ድንጋዮች ላይ አጎንብሰው ሲውሉ የድንጋዩንና የብረቱን ብናኝ ይተነፍሱ ነበር። ሳንባቸው እየታመመ በጎልማሳነታቸው የሚሞቱት ብዙዎች ነበሩ፤ በሽታውም «የሞራጆች አስም» ተባለ። ፍሬደሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚህን የሼፊልድ ሰዎች ሥቃይ ጽፎታል። እንግዲህ በእጅህ የያዝኸው ምላጭ የዚያ ዘመን የሼፊልድ ሥራ ከሆነ፥ ጀርባው እንዲያ ወፍሮ ሆዱ እንዲያ የሳሳው በሰው ትንፋሽ ዋጋ መሆኑን አስብ። በችኮላ ማበላሸቱ የሚያሳዝነውም ስለዚህ ነው።

ምላጩን ሥራ ያስፈታው አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። የእርሱ አሳብ ቀላል ነበር፤ ስለቱ ቀጭንና ርካሽ ይሁን፥ ሲደነዝ ይጣል። በ1903 ገበያ ሲጀምር የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በ1904 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ መንግሥት የእርሱን መላጫ ለወታደሮቹ በብዛት አደለ። ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ልማዱን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ትውልድ መላጨትን ተማረ፥ መሳልን ግን ረሳ። አሮጌው ምላጭ በየሳጥኑ ግርጌ የዛገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከመንካትህ በፊት አንብበው

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት አይሰጥም። አንተም ምላጩን በብርሃን አጠገብ ይዘህ በአጉሊ መነጽር ተመልከተው።

መጀመሪያ አንገቱን እይ፤ ይኸውም በስለቱና በጭራው መካከል ያለው ክፍል ነው። የሠሪው ስምና ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው። ከዘውድ ጋር ቪ እና አር የሚሉ የላቲን ፊደሎች ቢኖሩበት የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ያመለክታሉ፤ እርሷ የነገሠችው ከ1837 እስከ 1901 ነው። የአገር ስም፥ ማለት «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ተቀርጾበት ከሆነ ደግሞ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ መንግሥት በ1890 ባወጣው የቀረጥ ሕግ ወደ አገሩ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዝዟልና። ጎን ለጎን የቆሙ የሁለት መንትዮች ሥዕል ካገኘህ የዞሊንገኑ የሄንክልስ ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት በ1731 የተመዘገበ ነው። እነዚህ ጽሑፎች የምላጩ የልደት ወረቀት ናቸውና በምንም ዓይነት መፋቂያ አትንካቸው።

ቀጥሎ ስለቱን መርምር። ምላጩ የማይድነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ስንጥቅ ነው፤ ከስለቱ ተነሥቶ ወደ ጀርባው የሚሄድ እንደ ጠጉር የቀጠነ መስመር ካየህ፥ ያ ምላጭ ፊት ላይ ሊሰበር ይችላልና ለመላጨት አታስበው። ሁለተኛው ዝገቱ ጠልቆ የበላቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ በምላጩ ሆድ ላይ ቢሆኑ ነውር ናቸው እንጂ ጉዳት የላቸውም፤ ስለቱ ዳር ከደረሱ ግን ስለቱ እንደ መጋዝ ይሆናል። ሦስተኛው ቀድሞ በእሳት ወይም በሞተር መሳያ የተቃጠለ ብረት ነው። ስለቱ አካባቢ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ካለበት ተጠራጠር።

የዚህ ቀለም ምሥጢር ይህ ነው። ምላጭ ሲሠራ ብረቱ በመጀመሪያ ይግላል፥ ወዲያው በድንገት እንዲቀዘቅዝ ይነከራል። ያን ጊዜ እንደ ብርጭቆ ጠንካራ፥ እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደገና ይሞቅና ተሰባሪነቱ ይቀንስለታል። ከዚህ አልፎ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥንካሬውንም ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ቢስሉት ስለት አይዝም። የምላጭ ዳር እጅግ የሳሳ ስለሆነ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ እዚህ ሙቀት ለመድረስ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል። የሞተር መሳያ የምላጭ ጠላት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ስለ እጀታው

የጥንት ምላጭ እጀታ ከቀንድ፥ ከአጥንት፥ ከዞጲ ወይም ከዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር። ቀንድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፥ ብልም ይበላዋል፤ ንጹሕ ዘይት ቀብተህ ጥቂት ቀን ብታሳድረው ግን ይለሰልሳል። አጥንትንና የዝሆን ጥርስን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፍ። የዝሆን ጥርስ ንግድ በ1989 በተደረሰ ዓለም አቀፍ ስምምነት ስለ ታገደ፥ እንዲህ ያለውን እጀታ ይዞ ከአገር አገር መሻገር ችግር እንደሚያመጣም እወቅ።

ይልቁንም የሚያስፈራው ሴሉሎይድ ነው። ይህ የቀድሞ ፕላስቲክ ዔሊ ልብስ ወይም የዝሆን ጥርስ መስሎ ይሠራ ነበር። በጣት ፈትገህ ስታሞቀው የካምፎር ሽታ ከሰጠህ ሴሉሎይድ ሳይሆን አይቀርም። ሴሉሎይድ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ሲያረጅም እየፈረሰ አሲድነት ያለው ጋዝ ይተፋል። ያ ጋዝ የገዛ ምላጩን ያዝገዋል፥ በአጠገቡ ያሉትንም ይበላል። እጀታው ላብ እንዳላበው ሆኖ ከተሰነጣጠቀ፥ ለሌሎቹ ሲባል ከእነርሱ ለይተህ አስቀምጠው።

ዝገቱን ማንሣት

እዚህ ላይ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ምሳሌ አስታውስ። ሥራውን የምታካሂደው ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ከፋፍለው።

በመጀመሪያው ቀን ምላጩን በሞቀ የሳሙና ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፤ ወዲያውም አድርቀው። ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ሸፍነው፤ ደንዟል ብለህ አትናቀው፥ የደነዘ ምላጭም ጣት ይቆርጣል። ከዚያ ብረቱን ላምባ ወይም ቀጭን ዘይት ቀብተህ አሳድረው። ዘይቱ በዝገቱና በብረቱ መካከል ሰርጎ ይገባል።

በማግሥቱ ቀዩ ዝገት በጨርቅ ሲጠረግ አብዛኛው ይለቃል። የቀረውን በዘይት በራሰ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ታነሣዋለህ፤ ቁጥሩ 600 ከሆነ ጀምር፥ ወደ 1000፥ ከዚያም ወደ 2000 እለፍ። ምላጩን በጣውላ ላይ አስተኝተው፤ እጅህ ሁልጊዜ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይሂድ፥ ከስለቱ ወደ ጀርባው ግን አይምጣ። ወረቀቱ ምን ጊዜም እርጥብ ይሁን። የሼፊልድ ሞራጆችን የገደላቸው ደረቅ ብናኝ መሆኑን አይተሃልና።

ቀዩ ዝገት ሲጠፋ ከሥሩ ጥቁር ወይም ግራጫ መልክ ታያለህ። እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ መቆም ያቅተዋል። ቀዩ ዝገት ልቅ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፥ ብረቱንም ይበላል። ጥቁሩ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ የዕድሜ ምልክት ነው፥ ጉዳት የለውም። እርሱን ጨርሼ አነጣለሁ ያለ ሰው ማኅተሙን ያጠፋል፥ የሳሳውን ሆድ የበለጠ ያሳሳል፥ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጀርባውን ይፍቃል። ጀርባው ለምን እንደማይነካ ቀጥለን እናያለን።

በምላጩ ውስጥ የተደበቀ ጂኦሜትሪ

ቢላዋ የሚስል ሰው ቢላዋውን ከድንጋዩ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚወስነው እጁ ነው። ምላጭ ግን እንዲህ አይሳልም። ጀርባውም ስለቱም አንድ ላይ ድንጋዩን ነክተው ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ሠሪው ትክክለኛውን ማዕዘን በብረቱ ውስጥ አስቀምጦልሃል ማለት ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የምላጩ ወርድ 16 ሚሊሜትር፥ የጀርባው ውፍረት 4 ነጥብ 5 ሚሊሜትር ቢሆን የስለቱ ማዕዘን 16 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ጺም ለመላጨት የተስማማ ነው። ጀርባውን በመፋቅ ወደ 3 ሚሊሜትር ብታወርደው ግን ማዕዘኑ ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። እንዲህ የሳሳ ስለት ገና ጺሙን ሲነካ ይሸራረፋል። ለማሳመር ተብሎ የተፋቀ ጀርባ ስለቱን ያበላሸዋል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ትሪጎኖሜትሪ የተማረ ተማሪ ቁጥሩን በደብተሩ ላይ ሠርቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ለመሳል ፍጹም ለጥ ያለ የመሳያ ድንጋይ ያስፈልግሃል። ሻካራው 1000 ቁጥር ነው፤ ከዚያ 5000 ወይም 8000፥ በመጨረሻም 12000። በቤልጂክ አገር ከሚቆፈረው ኮቲኩል ከሚባለው ቢጫ ድንጋይ ጋር የሚወዳደር የተፈጥሮ ድንጋይ ጥቂት ነው፤ በውስጡ ያሉት ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣቶች ብረቱን በዝግታ ይፍቁታል።

ድንጋዩን በውሃ አርጥበህ ምላጩን አስተኛው፤ ስለቱን አስቀድመህ ወደፊት ግፋ። ዳር ስትደርስ በጀርባው ላይ ገልብጠው እንጂ በስለቱ ላይ አትገልብጠው። የእጅህ ክብደት ብቻ ይበቃል። በ1000ው ድንጋይ ላይ የምትቆየው ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የክንድህን ጠጉር እኩል እስኪያነሣ ድረስ ነው። ይህ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ድንጋይ አትለፍ፤ በደቃቁ ድንጋይ ብዙ መልፋት በሻካራው ላይ የቀረውን አያሟላም። የሚቀጥሉት ድንጋዮች ሥራ የመጀመሪያው የተወውን ጭረት ማለስለስ ነው። በመጨረሻ የስለቱ ዳር ከ1 ማይክሮን ያነሰ ይሆናል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር 1 ሺኛ ነው፥ የራስ ጠጉር ግን ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል።

ጺም ብረትን እንዴት ያሸንፋል?

ከድንጋዩ በኋላ ምላጩ በቆዳ ጠፍር ላይ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ አቅጣጫው ይለወጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፥ ስለቱ ይከተላል። ስለቱን ብታስቀድም ጠፍሩንም ስለቱንም ታበላሻለህ። ከመላጨት በፊት ሁልጊዜ 30 ወይም 40 ጊዜ ማመላለስ የተለመደ ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ ምላጭ ለብዙ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ለብዙ ወራት ድንጋይ ሳይነካ ያገለግላል።

ይህን ሁሉ ማመላለስ ለምን አስፈለገ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱን ያብራራው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተደርጎ በ2020 የታተመ ጥናት ነው። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የገዛ ጺሙን እየተላጨ ምላጩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ጠጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ነው፤ ሆኖም ጠጉሩ ጎንበስ ብሎ ስለቱን በጎን ሲገፋው፥ ብረቱም በዚያ ቦታ ወጥ ሳይሆን ሲቀር፥ ስለቱ እየተሸረፈ እንደሚሄድ አዩ። ሀንትስማን ከብዙ ዘመን በፊት ወጥ ብረት ለማግኘት የደከመው ለሰዓት ሞላው ነበር፤ ወጥነት ለስለትም ምን ያህል እንደሚጠቅም ዛሬ በማይክሮስኮፕ ታየ።

በጤና አይቀለድም

የታደሰ ምላጭ የአንድ ሰው ምላጭ ነው። ወንድምህም ቢሆን፥ ጓደኛህም ቢሆን ከአንተ ጋር አይጠቀምበት። ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ መጠቀም ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ እንደሚችል ሁላችንም ተምረናል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ውሃ ያለቀለቀው ምላጭ ለዓይን ንጹሕ ቢመስል ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ አሮጌውን ምላጭ ከመጠቀምህ በፊት እጀታው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ጭምር አውጥተህ እጠበው፤ ከዚያም በ70 በመቶ አልኮል አጽዳው። በረኪና ብረት ይበላልና አትጠቀምበት። ጠጉር አስተካካዩ የሚታጠፍ ምላጭ ሲያነሣ ካየህም አዲሱን ግማሽ ምላጭ በፊትህ እንዲከፍተው መጠየቅ መብትህ ነው። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትላጭ ከጉንጭህ ጀምር፤ አገጭና ጉሮሮ ይቆዩህ። ጺምህን በሞቀ ውሃና በሳሙና አረፋ አለስልስ፤ ቆዳህን በሌላው እጅህ ወጥረህ ያዝ፤ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፤ ወደ ጎን አታንሸራተው። ስትጨርስ አጥበህ አድርቀው፥ ጠብታ ዘይትም ቀባው፤ ለወራት የደከምህበትን አንዲት ሌሊት በእርጥበት ማደር ታጠፋዋለችና።

ምናልባት ያገኘኸው ምላጭ ስንጥቅ ኖሮበት የማይድን ሊሆን ይችላል። እርሱም ቢሆን አይጣልም። ቀዩን ዝገት አንሣለት፥ ዘይት ቀባው፥ ስለቱን ሸፍነህ በጨርቅ ጠቅልለው። ምላጩ የአባትህ ወይም የአያትህ ከሆነ ስማቸውን፥ የት እንደ ገዙትና ምን ይሠሩ እንደ ነበር በትንሽ ወረቀት ጽፈህ አብረህ አኑር። የሠሪው ስም በአንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ የባለቤቱን ስም ግን ዛሬ አንተ ካልጻፍኸው ነገ የሚጽፈው ሰው አይገኝም።